ሲኞራዋ ያሰናበቱኝ ቀን

ሮም ውስጥ ለረጅም ዘመን የሠራሁት ሥራ የሚያልቀው ሰው ሲሞት ነበር። ይህን ስናገር የሚደነግጥ አለ። እኛ ባዳንቴዎች፣ ማለትም አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየቤታቸው የምንጦር ሴቶች ግን እርስ በርሳችን ስንጫወት እንደ ዘበት ነው የምንለው። ሐሙስ ከሰዓት፣ የዕረፍታችን ቀን፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካሉት የሐበሻ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን አንዷን "ሥራሽ እንዴት ነው?" ብንላት፣ "እንጃ፣ ሰሞኑን ሳል ጀምሯቸዋል" ብላ ትመልሳለች። ሁላችንም ይገባናል።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ነው። መጀመሪያ በየሰው ቤት አዳሪ ሆኜ ሠራሁ። በኋላ ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ቤት ተከራየንና፣ ለሽማግሌዎች ረዳት በኮንትራት የሚልክ አንድ ኮፔራቲቫ ውስጥ ገባሁ። ኮንትራቱ የወራት ነው። ሲያልቅ ያድሱታል፣ እንደገና ሲያልቅ እንደገና ያድሱታል፤ እንዲህ እየታደሰ ዓመታት ይሄዳል። አንድ ቀን ግን ሰውየው ያርፋሉ፤ ያን ጊዜ የሚታደስ ነገር የለም። ጡረታ የወጡ አንድ የባቡር ሠራተኛን አራት ዓመት አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቻለሁ። የቀብራቸው ዕለት ልጃቸው አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። በማግስቱ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁና ወደ ኮፔራቲቫው ስልክ ደወልኩ። ሀዘኑና ሥራ ፍለጋው አንድ ሳምንት ላይ ነው የሚመጡት፤ ሥራ ፍለጋው ሀዘኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የብዙ ሰው እርም ሳላወጣ ኖርኩ።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ኮፔራቲቫው ጋርባቴላ ወደሚባለው ሰፈር ላከኝ። ሰማንያ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ የተጠገነ፣ ልጅ የሌላቸው አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው ተባልኩ። በሩን የከፈተችልኝ ጎረቤታቸው ነበረች። ሲኞራዋ መስኮቱ አጠገብ ክንድ ማሳረፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ፀጉራቸው በደንብ ተበጥሯል፤ ጫማቸውን አድርገዋል።

"ይቀመጡ" አሉኝ።

ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ፤ ጎረቤትየዋን ያናገሯት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሄዳለች። ጣሊያኖች ለሚያከብሩት ሰው "ሌይ" ይላሉ፣ እንደ እኛ "እርስዎ" መሆኑ ነው። በዚያች ከተማ አውቶቡስ ላይም፣ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ በተሰለፍኩበት ቢሮም፣ በየሠራሁበት ቤትም ሁሉም "አንቺ" ነበር የሚሉኝ።

"ለሥራ ነው የመጣሁት፣ ሲኞራ" አልኳቸው፣ ምናልባት እንግዳ መስያቸው እንደሆነ ብዬ።

"አሎራ፣ እንግዲያው ሥራው ከመተዋወቅ ነው የሚጀምረው። ይቀመጡ እንጂ።"

አርባ ዓመት ሙሉ የዚያ ሰፈር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ያየሁት ግቢ ውስጥ ነው። ደግፌያቸው ወደ ፀሐይ ሳወጣቸው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቦርጫም ሰዎች ሲያዩዋቸው ሲጋራቸውን ጥለው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። "ቡዎን ጆርኖ፣ ማኤስትራ" ይላሉ፤ አስተማሪያችን ማለታቸው ነው። እሳቸውም እያንዳንዱን በስሙ ጠርተው ስለ እናቱ ይጠይቁታል፣ እናቱ ከሞተችም ስለ እህቱ። አንዱን ሥጋ ሻጭ፣ "ዛሬም ቁልፍህን አዛንፈህ ነው የቆለፍከው" ሲሉት ሰውየው ቀልቶ ሸሚዙን ሲያስተካክል አይቻለሁ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው አልሳቁም።

ቋንቋዬን ማረም የጀመሩት በመጀመሪያው ወር ነው። ጣሊያንኛ መናገር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ የሚቸግረኝም አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን የጎረቤቷን ትንሽ ልጅ ሳናግር ሰምተው ጠሩኝ።

"አንድ ነገር ልብ ብያለሁ" አሉ። "ሁሉንም ነገር በትእዛዝ ነው የሚናገሩት። ና፣ ሂድ፣ አምጣ፣ ተው፣ ዝጋ። ቅር አይበልዎትና፣ ይህን ቋንቋ የተማሩት ከሚያዝዙ ሰዎች ነው።"

ቅር አላለኝም። ቁጭ ብዬ ሳስበው እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ነገር ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ ያርሙኛል። "ብሆን ኖሮ"፣ "ባደርግ ይሻል ነበር" የሚባለውን አነጋገር ያወቅሁት ከሳቸው ነው። ሲያርሙ ድምፃቸው አይለወጥም። ስሳሳት ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ጥፋቴን ራሴ አግኝቼ ስመለስ ብቻ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። የሰው ትዕግሥት ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም።

አንድ ከሰዓት መጽሐፉን አስዘግተውኝ፣ "ከእኔ በኋላ ምን ይሠራሉ?" አሉኝ።

"እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው" አልኩ፤ በእኛ አገር እንዲህ ሲባል ጨዋታው ይለወጣል። እሳቸው ግን መልሱን ይጠብቃሉ።

"ኮፔራቲቫው ሌላ ሰው ጋ ይልከኛል።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ሌላ ሰው ጋ።"

"ጉልበትዎ እስኪያልቅ ድረስ ማለት ነው። ሥራዎን ይችሉታል። የሚችሉትን ሥራ ግን ቋሚ አድርጎ የሰጠዎት የለም። የሆስፒታል ረዳት የሚያደርገውን ኮርስ ለምን አይወስዱም?"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"በስንት ዓመትዎ ሊጀምሩ አስበው ነበር?"

ኮርሱ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የሥራ ሰዓቴን ራሳቸው አሸጋሸጉት። ጎረቤታቸው ብቅ እያለች እንድታያቸው ተስማሙ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ትምህርት ያስጠኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያንንም አደረጉ። ከዚያ የበለጠውን ግን አልጠበቅሁም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ስመለስ፣ "ዛሬ ምን ተማሩ?" አሉኝ።

"ሽባ የሆነ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚዛወር።"

"ቫ ቤኔ፣ ጥሩ። ዛሬ እኔ ሽባ ነኝ።"

አልጋው ላይ ተኝተው እጅ እግራቸውን ለቀቁት። የተሰበረው ዳሌያቸው እንዳይታመም ፈርቼ እምቢ አልኩ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁኝ፣ ሽባ ናቸውና። እንደ ትምህርቱ አዞርኳቸው፣ አነሳኋቸው፣ አስቀመጥኳቸው። ከተቀመጡ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው፣ "እጅዎ ቀዝቃዛ ነው" አሉ። "ደግሞ ከመንካትዎ በፊት ይንገሩኝ። ሰው ሳይነገረው ሲነሳ ዕቃ የሆነ ይመስለዋል።" ያን ዓመት በዚያች ክፍል ሽባ ሆኑ፣ ራሳቸውን የሳቱ ሆኑ፣ መዋጥ ያቃታቸው ሆኑ። ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡ ሴት፣ ኩራታቸውን የማያስነኩ ሴት፣ እኔ እንድማር ብለው ገላቸውን ለሙከራ ሰጡኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

የምስክር ወረቀቱን ካገኘሁ በኋላ የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኮንኮርሶ ወጣ። ኮንኮርሶ ማለት ለቋሚ የመንግሥት ሥራ የሚደረግ የውድድር ፈተና ነው። የተፈተንነው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ የሰዉ ብዛት የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳን ይመስላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እኔን ስታይ ልጄን የማደርስ መስሏት፣ "ወላጆች ውጪ ነው የሚጠብቁት" አለችኝ። ተፈታኝ ነኝ ስላት ደንግጣ ከረሜላ ሰጠችኝ። ሲኞራዋ ጠዋት በስልክ ያሉኝን እያሰብኩ ሠራሁ፤ "ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፣ መልሱን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ አይመለሱበት" ነበር ያሉት።

አለፍኩ። ግን ካለፉት መካከል ኋላ ነበርኩና ተራዬን መጠበቅ ነበረብኝ። ወሩ ወር እየወለደ ከዓመት በላይ ሄደ። እኔም ረሳሁት፤ በዚህ መካከል እሳቸው እየደከሙ መጡ። ድሮ ግቢ የሚወርዱት ሴት በረንዳ ላይ መቀመጥ ሥራ ሆነባቸው። አሁን በእውነት አስፈልጋቸው ጀመር፤ ሌላ ሥራ ማሰቡን ተውኩት።

ስልኩ የተደወለው በረንዳው ላይ ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው ነው። ወደ ወጥ ቤት ገብቼ አነሳሁት። አንዲት ሴት ከሆስፒታሉ መሆኗን ነገረችኝ፤ ቴምፖ ኢንዴቴርሚናቶ አለች፣ ጊዜው የማይገደብ ቋሚ ቅጥር ማለት ነው፣ ሐሳቤን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዳሳውቅ ጠየቀችኝ። አመስግኜ ዘጋሁና ተመልሼ ማበጠሪያውን አነሳሁ።

"ማን ነው?"

"ከሆስፒታሉ ነው።"

"መቼ ይጀምራሉ?"

"አልጀምርም፣ ሲኞራ።"

ፀጉራቸውን አበጥሬ ጨረስኩ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት ነገሩን ለቤት ተጋሪዬ ነገርኳት። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ነገር አትደባብስም። ቡናዋን አስቀመጠችና፣ "አብደሻል እንዴ?" አለችኝ። "ሃምሳ ሦስት ዓመትሽ ነው። ሴትዮዋ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይቀጥርሻል?"

"እሱን ማሰቡ ራሱ ያሳፍረኛል።"

"አታስቢው። ግን እውነት ነው።"

"ትቻቸው ብሄድ ደግሞ እንዴት ብዬ እተኛለሁ?"

ቡናዋን ጨርሳ ተነሳች። ትራሙን ይዘን ቤታችን ገባን።

ዓርብ ጠዋት ጋርባቴላ ስደርስ ሲኞራዋ ለእንግዳ የሚለብሱትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሶፋው ላይ የኮፔራቲቫው ኃላፊ ሴት አለች። ያለ እኔ ማን እንዳለበሳቸው ገረመኝ፤ ለካ ከንጋት ጀምሮ ራሳቸው ሲለብሱ ነው የቆዩት።

"ይቀመጡ" አሉኝ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። "ዛሬ ላሰናብትዎት ነው።"

ምን አጠፋሁ ብዬ ኃላፊዋን አየኋት። እሷም መሬት መሬት ታያለች።

"ሲኞራ፣ እኔ እኮ ሆስፒታሉን አልፈልግም ብያለሁ።"

"ሰምቻለሁ። እኔም ባዳንቴ እንዲቀይሩልኝ ጠይቄያለሁ። አዲሷ ሰኞ ትመጣለች፤ አንድ ሳምንት አብረዋት ሆነው ያሳዩዋታል፣ ከዚያ ይሄዳሉ።"

"ማን ያጥብዎታል? የቱ ጎንዎ እንደሚያምዎት ማን ያውቃል?"

"ሌላ ሴት። መጀመሪያ እጇ ይቀዘቅዛል፤ እነግራታለሁ፣ ትማራለች።" ድምፃቸው ያን ጊዜም አልተለወጠም። "ይስሙኝ። አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። በጣም የምወዳቸው ልጆች ነበሩኝ፤ ሲሄዱ ክፍሉ ባዶ ይሆንብኝ ነበር። ግን ስለምወደው ብዬ ክፍል ያስደገምኩት ልጅ የለም።"

አለቀስኩ። ኃላፊዋም መሐረብ ፈለገች። እሳቸው ብቻ ደረቅ ዓይን ይዘው ተቀመጡ፤ እጃቸው ግን የወንበሩን ክንድ አጥብቆ ይዞት ነበር፣ ጣቶቻቸው ነጥተው አየሁ። ለሳቸው ያን ማድረግ ቀላል አልነበረም። ዘጠና አንድ ዓመት ሆኗቸው፣ ልጅ ሳይኖራቸው፣ ገላቸውን የሚያውቅላቸውን ሰው በገዛ እጃቸው እየሸኙ ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ለሆስፒታሉ ደውዬ እሺ አልኩ።

የመጨረሻው ቀን፣ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ "ከእንግዲህ አሠሪዎ አይደለሁም" አሉኝ። "አንቺ ብልዎት ቅር ይልዎታል?"

"ደስ ይለኛል።"

"እንግዲያው እሑድ ነይ፤ አብረን ምሳ እንበላለን። አንቺም እንዲሁ በዪኝ።"

ሌላው ሁሉ አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ብቻ ቃሉ ሞቀኝ። እኔ ግን አንቺ ልላቸው አልቻልኩም። ሞከርኩ፤ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ አስተዳደጌ አይፈቅድም። እሳቸውም ይህን ሲያዩ፣ ካወቅኋቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የደረሰኝ የውስጥ ደዌ ክፍል ነበር። ከአዲሶቹ ሁሉ ትልቋ እኔ ነኝ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ካፖሳላዋ፣ ረጅም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱኝ። ሥራውን አውቀዋለሁ፤ አንድን ሰው ትቶ ወደ ሌላው መሄድን ነው የማላውቀው። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው ነው የያዝኩት። እዚህ ግን አንዷን አሮጊት ቁርስ ሳበላ ሌሎቹ አልጋዎች ይጠብቁኛል። ካፖሳላዋ አንድ ጠዋት፣ "ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ የአንድ ሰው ባዳንቴ አይደለሽም" አለችኝ። የሙከራ ጊዜዬ ነውና ልባረር ነው ብዬ ፈራሁ።

እሑድ ምሳ ላይ ለሲኞራዋ ነገርኳቸው። ሾርባቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉ።

"ክፍሌ ውስጥ ሠላሳ ልጆች ነበሩ" አሉ። "ለሁሉም የሚበቃ ጊዜ አልነበረኝም። ግን እያንዳንዱን በቀን አንድ ጊዜ፣ ሌላ ምንም ሳላስብ፣ ዓይኑን አየዋለሁ። ለአጭር ጊዜ ነው። ልጁ ግን ጠዋቱን ሙሉ ከእሱ ጋር የነበርኩ ይመስለዋል። ሕመምተኞችሽም መሄድሽን አይጠሉትም፤ የሚጠሉት አጠገባቸው ቆመሽ ሳለ ልብሽ ቀድሞ መሄዱን ነው።"

ሰኞ እንዲሁ አደረግሁ። አልጋው አጠገብ ስቆም እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀምጬ ሰውየውን አየዋለሁ፣ ምን ላደርግ እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ አደርጋለሁ፣ እሄዳለሁ። ቀስ በቀስ መሄድ ቻልኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ካፖሳላዋ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝና፣ "ፕሮቫሽ አልቋል። ነገ ጠዋት ገቢ ነሽ" ብላ አለፈች። ከዚያ በላይ ምን ትበል።

ቋሚ ሠራተኛ መሆንን መልመድ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ጉንፋን ጣለኝ። ማልጄ ደውዬ ይቅርታ ስጠይቅ ስልኩን ያነሳው ልጅ ግራ ገብቶት፣ "ለምንድን ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ? ታመሻል፣ ተኚ" አለኝ። ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ታምሜ ሳለ ሥራዬ ይጠብቀኛል የሚለውን ነገር ሰውነቴ ሊያምነው አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት ዕረፍቴን የምወስድበትን ወር በመጋቢት ሲጠይቁኝ፣ በነሐሴ የት እንደምሆን ማወቄ ራሱ አሳቀኝ።

ሲኞራዋ ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ኖሩ። ተረኛ ካልሆንኩ እሑድን ከሳቸው ጋር ነበርኩ። በእኔ ቦታ የገባችው የሞልዶቫ ሴት ነበረች፤ መጀመሪያ አፍራ ጓዳ ትገባ የነበረችው ሴት ስትውል ስታድር ከእኛ ጋር መብላት ጀመረች፣ ጣሊያንኛዋም እየተቃና ሄደ። የፀደይ ወራት ሲጀምር አንድ ማለዳ ደወለችልኝ። እንቅልፋቸው ውስጥ እንዳሉ ነው ያረፉት።

ለቀብሩ ዕለት ካፖሳላዋ የራሷን የዕረፍት ቀን ሰጥታኝ ተተካችልኝ፤ ዘመዴ ናቸው ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። የጋርባቴላ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሰው ውጪ ቆሟል። ሥጋ ሻጩ ነበር፤ እነዚያ ሽበታም ተማሪዎች ሁሉ ነበሩ። ሣጥኑ ሲወጣ ማንም ሳያዛቸው ሁለት ሁለት ሆነው ተሰለፉ። የሞልዶቫዋ ሴት እጄን ይዛ ታለቅሳለች። አሁን የት ትሄዳለች ብዬ ልቤ ደንግጦ ነበርና፣ ሲበርድላት ጠየቅኋት።

"ኮርሱ ሊያልቅ ሁለት ወር ነው የቀረኝ" አለችኝ። "ጣሊያንኛዬ እንደተቃና ነው ያስመዘገቡኝ። በየማታው ሽባ ይሆኑልኝ ነበር።"

ምንም አልነገሩኝም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ ስንበላ፣ ያንኑ ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው፣ በዚያ ድካማቸው ላይ፣ ዝም ብለው ሲሠሩት ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን አለቀስኩ። በሥራ ሰዓቴ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ስመለስ አለቅሳለሁ፤ ሀዘኔን የሚገፋ ሥራ ፍለጋ አልነበረም፣ የምደውልበትም ቦታ አልነበረኝም። ቤት ተጋሪዬ እንደ ደንባችን ለሴቶቹ ነግራቸው ኖሮ በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፒኜቶ ድረስ መጡ። ምስርና ዳቦ ይዘው፣ ጠባቧ ሳሎናችን ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። አንዷ፣ የማላውቃት አዲስ መጪ፣ ቀስ ብላ ጎኔ ተጠጋችና፣ "ምንሽ ናቸው?" አለችኝ።

"አስተማሪዬ ናቸው" አልኳት።

"እዚህ አገር ትምህርት ቤት ገብተሽ ነበር?"

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሌሎቹም ወሬያቸውን ትተው ሰሙ። በማግስቱ የጠዋት ተረኛ ስለነበርኩ በጊዜ ሸኘኋቸውና ልብሴን አዘጋጅቼ ተኛሁ።